ጦር ሰፈር እንጂ ሰፈር የሌላቸው

«የአሜሪካ ወታደር ቤተሰብ ምን ጎደለበት? መንግሥት ጓዙን ጭኖ አገር ያስጎበኘዋል! ድጋፍ ደግሞ ምን ያደርግለታል?» አለላችሁ አንዱ። ሰማችሁት? ከመንገድ ወዲህ ወደ መንገድ ማዶ ቤት ሲቀይር ዘመድ አዝማዱን ሁሉ ለሸክም የጠራ ሰው እኮ ነው!

ሽርሽር መሰለህ? ሽርሽር መመለሻ አለው። ይሄ ሽግሽግ ነው! በየ2 በየ3 ዓመቱ ትዕዛዝ ይመጣል፤ ዛሬ የቴክሳስ ሙቀት፣ ነገ የአላስካ በረዶ። እነዚህ ሰዎች ጦር ሰፈር አላቸው፤ ሰፈር ግን የላቸውም።

«ጓዛቸውን ይጭንላቸዋል» ትላለህ። እሱም በሚዛን ነው፤ ከተፈቀደው ክብደት ያለፈው ከወታደሩ ኪስ ይከፈላል። ይሁን፣ ጓዙስ ተጫነ፤ ጓደኛውን ማን ይጭነዋል? አባት ክፍለ ጦር በቀየረ ቁጥር ልጅ ክፍል ይቀይራል፤ 12ኛን እስኪጨርስ በአማካይ ከ6 እስከ 9 ትምህርት ቤት! አንተ ከኋላ ወንበር ወደ ፊት ተዛወር ስትባል አልነበር ያለቀስከው?

«ልጅ ቶሎ ይለምዳል።» ይለምዳል እንጂ! ለመደ ሲባል ሌላ ትዕዛዝ ይመጣል።

«ሚስቲቱ ሥራ ፈልጋ ትሥራ!» አንተ ሶፋህ ላይ ሪሞት ፈልገህ ታጣለህ፤ እሷ በየግዛቱ ሥራ ፈልጋ ታገኛለች፣ አግኝታም ጥላው ትሄዳለች። የእሱ ማዕረግ ሽቅብ፣ የእሷ ሥራ ከዜሮ። እ.ኤ.አ. በ2021 የመከላከያ ሚኒስቴሩ ራሱ ባጠናው ጥናት፣ ለሥራ ከተሰለፉት የወታደር ባለትዳሮች 21 በመቶው ሥራ አጥ ነበሩ። ነርሷን እያት፦ እጇ ያው፣ መርፌው ያው፣ ደም ሥሩ ያው፤ የግዛት ድንበር ስትሻገር ፈቃደኛ ነች፣ ፈቃድ የላትም! ለዚህ ነው ከ2023 ጀምሮ የብዙ ሙያ ፈቃድ ባለቤቷን ተከትሎ ግዛት እንዲሻገር በሕግ የተደነገገው። ወንድሜ፣ ኮንግረስ የገባው ነገር አንተን እንዴት ሳይገባህ ቀረ?

«ሕግ ካለማ ምን ቀረ?» አንተ ቀረህ! ሕጉማ ሥራውን ሠርቷል። የዝውውር ትዕዛዝ የያዘ ወታደር የኪራይ ውሉን ያለ ቅጣት ያቋርጣል። 50ውም ግዛቶችና ዋሺንግተን ዲሲ ተስማምተው፣ ልጁ በእጁ በያዘው ጊዜያዊ ማስረጃ ትምህርት ቤት ይገባል፤ ክትባት ቢጎድለው 30 ቀን ይሰጠዋል። ግን ሕግ በር አያንኳኳም። ሕግ ለደከመች እናት ልጅ አይዝም። ሕግ ድስቱ ከካርቶን ባልወጣበት ምሽት እራት አያመጣም። ይሄን የሚያደርግ ጎረቤት ነው፤ አንተ ደግሞ ጎረቤት ሆነህ ተንታኝ ሆንክብን! አሁን አፍህን ያዝና ካርቶን ያዝ።

እናንተ የሳቃችሁትም ብትሆኑ አታመልጡም። የአበሻ ልጆችም ያን ዩኒፎርም ለብሰዋል፤ ቤተሰባቸው ዛሬ አንዱ ከተማ ውስጥ ካርቶን እየፈታ ይሆናል። አጠገባችሁ አዲስ የወታደር ቤተሰብ ከገባ እንጀራ ይዛችሁ አንኳኩ። ጥሩ ሐኪም ጠቁሙት፤ ልጁን ከልጃችሁ ጋር አጫውቱት፤ ለሚስቱ ሥራ ያለበትን ንገሯት። ለከርሞ እንደርሳለን አትበሉ፤ ለከርሞ ሌላ ግዛት ናቸው።