የጀሪካን ሰልፍ፦ ስለ ጎንደር የአደባባይ ጥበብ አጭር ጥናት

ስለ ጎንደር ጥበብ የጻፉ ሊቃውንት ፋሲል ግቢን ዞረው፣ በደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ የተሣሉትን መላእክት አንጋጠው ቆጥረው ይመለሳሉ። ከቦኖው እስከ መንገዱ ጥግ የተደረደረውን ቢጫ ሥራ ግን ተራምደውት ያልፋሉ። ግቢው በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብም ሰልፉን ያነሣ አልነበረም። ይህ ጥናት ያንን ክፍተት ይሞላል፤ ጀሪካኑን መሙላት ግን ከጥናቱ ወሰን ውጪ ነው።

ዘርፉ ሦስት ዘመናት አሉት። አንደኛው የእንስራ ዘመን ነው። ሁለተኛው ጀርመኖች ለጦር ሠራዊታቸው ነዳጅ መያዣ የሠሩት የብረት ጀሪካን ዘመን ሲሆን፣ እኔ ስላልደረስኩበት አልፌዋለሁ። ሦስተኛው ዘይቱ አልቆ ባዶው የቀረ የባለ 20 ሊትሩ ቢጫ ፕላስቲክ ዘመን ነው፤ እስካሁንም አላበቃም።

ውሃ የሚደርስበትን ቀን በእርግጠኝነት የሚያውቀው የአፄ ፋሲል መዋኛ ብቻ ነው፤ ከቀሃ ወንዝ እየተሞላ ለጥር 11 ይደርሳል። በቀረው ከተማ ፈረቃ ማለት ቃላዊ ሥነ ጽሑፍ ነው። «ዛሬ ሌሊት ይለቀቃል አሉ» ተብሎ ከማራኪ የተነሣ ወሬ አራዳ ሲደርስ «ትናንት ሌሊት ተለቆ ነበር አሉ» ይሆናል።

ማንኛውም ሥራ የሠሪው ምልክት አለው፦ እጀታው ላይ የታሰረ ቀይ ጨርቅ፣ በጋለ ብረት የተተኮሰ መስቀል፣ ወይም በቀለም የተጻፈ ፊደል። ጀሪካኑ ቤት ውስጥ ሌላ ሥራ ከያዘ ድንጋይ ተተክቶለት ይሰለፋል። ይህ ረቂቅ ሥነ ጥበብ የሚባለው ነው። ድንጋዩን አንሥቶ ለጣለ ሰው ከባለቤቲቱ የሚሰጠው ሂስ ግን ረቂቅ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ክዳኑ እንምጣ።

ጀሪካን ሲገዛ ክዳን አለው። ይህ ሁኔታ ብዙ አይቆይም። ስለዚህ የክዳን ዓይነቶችን ለይቶ ማወቅ ግድ ነው።

ዋና ክዳን የሚባለው አብሮ የተወለደው ነው። ዕድሜውን ለማራዘም አንድ መላ ብቻ አለ፤ በሲባጎ ከእጀታው ጋር ማሰር። ሲላላ ደግሞ የፌስታል ቁራጭ አፉ ላይ ጣል ተደርጎ ክዳኑ በላዩ ይጠብቃል። ስስ ጥቁር ፌስታል ወዲያው ይቀደዳል፣ ወፍራሙ ይሻላል። ውጤቱ በተሸካሚዋ ጀርባ ላይ ይነበባል፤ ዳገቱን በደረቅ ቀሚስ የጨረሰች ሴት ካያችሁ የፌስታሉን ምንጭ ጠይቋት። አትነግራችሁም።

ከዚያ ቆረቆንዳ ይከተላል። በእርጥቡ የተወተፈ ቆረቆንዳ ሲደርቅ ኮስሶ ይወድቃል፤ በደረቁ የተወተፈው ደግሞ ውሃ ጠጥቶ ያብጥና ቢላ ካልመጣ አልወጣም ይላል። በሁለቱ መካከል ትክክለኛ ሰዓት አለ፤ የሚያውቁት አያቶች ብቻ ናቸው፣ እነሱም «ዝም ብለህ ወትፈው» ከማለት ሌላ ማብራሪያ የላቸውም። የጨርቅ ውታፍ ውሃውን ይዞ ግማሹን ራሱ ይጠጣል። ድንች ልክክ ብሎ ይገጥማል፤ ጉዳቱ ማታ ለወጥ መፈለጉ ነው።

ጀሪካን የወሰደ ሌባ ይባላል። ክዳን የወሰደ ግን ጎረቤት ነው።

«እትዬ፣ ክዳኔን አይተውት ይሆን?»

«የቱን ክዳን ልጄ? ይሄ እንደሆን ካምና ጀምሮ የኔ ነው።»

ካምና ጀምሮ የሳቸው የሆነው ክዳን ላይ የኔ ሲባጎ እንደተንጠለጠለ ነው። ቢሆንም ቡና ጠርተውኛል፤ ጠጥቼ ወጥቻለሁ። ጥናቱ በዚህ ነጥብ ላይ ገለልተኛነቱን መጠበቅ አልቻለም።

ስለ አጠባ ረጅም ምዕራፍ ታስቦ ነበር። ባጭሩ፦ አረንጓዴው እንዳይዝ ጥላ ሥር አስቀምጡት፤ ከያዘም ጠጠርና ኦሞ ከትንሽ ውሃ ጋር ጨምራችሁ ክንዳችሁ እስኪዝል ነቅንቁት። ለማለቅለቂያ የሚሆነው ውሃ ከየት ይመጣል ለሚለው ጥያቄ የሰልፉን ክፍል መልሳችሁ አንብቡ።

የመጨረሻው ክፍል ስለ ሮቶ ባለቤቶች ሊሆን ታቅዶ ነበር። አንዳቸውን ለቃለ መጠይቅ ፈልጌ በራቸውን አንኳኳሁ፤ ሠራተኛቸው ወጥታ ገላቸውን እየታጠቡ ነው አለችኝ።