ያሸነፈን ካርታ የመመጽወት ጥበብ

በካሲኖ ፖከር ካርታ የሚገለጥበት ሰዓት ከጨዋታው ሁሉ ቀላሉ ነው። ውርርዱ አልቋል፤ የሚሰላም የሚደበቅም ነገር የለም። በቴክሳስ ሆልደም እያንዳንዱ ተጫዋች ተደፍተው የተሰጡት 2 ካርታዎች አሉት፤ ጠረጴዛው መካከል ደግሞ ለሁሉም የተገለጡ 5 ካርታዎች ተዘርግተዋል፤ ከሰባቱ የተሻለ አምስት የሚያወጣ ያሸንፋል። ከተጫዋቹ የሚጠበቀው ሁለቱን ካርታዎች ገልጦ ማስቀመጥና መደቡ፣ ማለትም የተወራረዱበት ገንዘብ፣ ወደ እሱ እስኪገፋ ድረስ ዓይኑን ከካርታው አለመንቀል ብቻ ነው። ጉልበትም ትምህርትም አይጠይቅም። እንዲህ ላለ ተራ ሥራ ራሳቸውን ዝቅ የማያደርጉ፣ ያሸነፉበትን ካርታ ደፍተው ወደ አዳዩ የሚወረውሩ ጨዋ ሰዎች ግን በየካሲኖው አይጠፉም። ለክብራቸው ሲባል እዚህ መጽዋቾች ተብለው ይጠራሉ።

ምጽዋቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከአንድ ቃል ነው። ባላጋራው ካርታውን ሳይገልጥ «ፍላሽ» ይላል፤ አምስት ባለ አንድ ምልክት ካርታ አለኝ ማለቱ ነው። መጽዋቹ ይሰማል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ካርታውን ይወረውራል። የዚህን እምነት ጥልቀት ለመረዳት ከዚያ በፊት የነበሩትን አራት ሰዓታት ማስታወስ ያስፈልጋል። መጽዋቹ ያንን ሰው አራት ሰዓት ሙሉ አንዴም አላመነውም። ሲወራረድ «ይዋሻል» ብሏል፤ ዝም ሲል «ያደባል» ብሏል፤ ውኃ ሲጠጣ ጣቱ ተንቀጥቅጦ እንደሆነ አይቷል። የመጨረሻውን 300 ዶላር ውርርድ የተቀበለውም ሰውየው ባዶ እጁን ነው ብሎ ነው። እውነቱን በዓይኑ የማየት መብት በ300 ዶላር ገዝቶ ሁለት ሰከንድ እንኳ ሳይሞላ ግን ያው ሰው የነፍስ አባቱ ይሆናል፤ ቃሉም ቃለ ወንጌል።

የካሲኖ ሕግ ይህን የመሰለ መንፈሳዊነት አያውቅም። በየፖከር ቤቱ የሚሠራበት ደንብ «ካርታ ይናገራል» የሚል ነው፤ አፍ ያለው አይቆጠርም፣ ተገልጦ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው ይቆጠራል። «ተሸነፍኩ» ያለ ሰው ካርታውን ከገለጠና ካርታው አሸናፊ ከሆነ መደቡን ይወስዳል፤ «ፍላሽ» ያለ ሰው አራት ብቻ ከያዘ ምንም የለውም። ደግሞም ባላጋራው ሆነ ብሎ ላይዋሽ ይችላል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ፣ በደከመ ዓይን፣ ቀይ ልብና ቀይ ዳይመንድ መንታ ወንድማማች ናቸው። መጽዋቹ ግን ስሕተቱን በማጋለጥ ሰው አያሳፍርም፤ ገንዘቡን ከፍሎ ያልፋል።

ከምጽዋት ሁሉ ረቂቁ የግማሽ መደብ ምጽዋት ነው። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ንጉሥ፣ ሁለት ዘጠኝና አንድ አስ ወጥተዋል እንበል። መጽዋቹ በእጁ ሁለት ሦስት ይዟል፤ ባላጋራው ንግሥትና ጃክ ገልጧል። መጽዋቹ ሦስቶቹን በንቀት አይቶ ይወረውራቸዋል። የሁለቱም ምርጥ አምስት ጠረጴዛው ላይ ያለው ራሱ ነበር፤ መደቡ እኩል ይካፈል ነበር። ድርሻውን ለመጠየቅ ሁለቱንም ካርታዎች ገልጦ ማስቀመጥ ብቻ ነበረበት፤ እሱ ግን ሦስት ቁጥርን ሰው ፊት ማውጣት አፈረ። ይኸው ሰው ባንክ ቤት ቢሄድ «ገንዘብዎን ከመስኮቱ ሳይርቁ ይቁጠሩ» የሚለውን ማስታወቂያ ሳያነብ እንኳ ሦስት ጊዜ ይቆጥር ነበር።

አንዱን ካርታ ብቻ አሳይቶ ሌላውን የሚሸሽግም አለ። አስ ያሳያል፤ ሁለተኛውን ጠረጴዛው ሁሉ ገምቶ እንዲያደንቀው ይተወዋል። ሕጉ ግን ሁለቱንም ይፈልጋል፤ ተደፍቶ የቀረው ከሄደ ምሥጢሩም መደቡም አብረው ይሄዳሉ።

ቀድሞ የሚገልጠው ማን እንደሆነ ሕጉ ይናገራል፤ በመጨረሻው የውርርድ ዙር መጨረሻ ላይ የተወራረደ ወይም ያሳደገ ሰው ነው፤ ማንም ካልተወራረደ በተጫዋቾች መካከል ከሚዞረው የአዳይነት ምልክት በስተግራ ካሉት የመጀመሪያው። ሁለት ሰዎች «አንተ ቅደም» እየተባባሉ የሚፋጠጡበት ሰዓት እንግዲህ ከሕግ አለማወቅ የሚወለድ ትዕይንት ነው። መጽዋቹ ፍጥጫውን የሚፈታበት መንገድ አለው፤ ሰልችቶት ካርታውን ይጥላል።

ምጽዋት ዕቃ የለውም ማለት አይደለም። ካርታ ላይ የሚቀመጥ መጠበቂያ ረጅም ታሪክ አለው። የ1987 እና የ1988 የዓለም ፖከር ሻምፒዮን ጆኒ ቻን ከፊቱ ብርቱካን ያስቀምጥ ነበር፤ ብርቱካኑ በመጀመሪያ የመጣው የሲጋራ ጭስ በሞላበት አዳራሽ መልካም ሽታ ለማሽተት ነው። የ2004 ሻምፒዮን ግሬግ ሬይመር በካርታው ላይ ቅሪተ አካል ስለሚያኖር ቅጽል ስሙ ከዚያ ወጣ። መጽዋቹም ከእነዚህ አያንስም፤ በብር የተለበጠ ሳንቲም ገዝቷል። ካርታው ምንም ዋጋ በሌለው ሰዓት ሳንቲሙን በጥንቃቄ ያስቀምጥበታል። ካርታው አሸናፊ በሆነበት ሰዓት ሳንቲሙን አንስቶ ኪሱ ይከትና ካርታውን ወደ ሜዳ ያሰማራዋል።

ከአዳዩ አጠገብ የሚቀመጥ ሰው መወርወር እንኳ አያስፈልገውም፤ ካርታውን ወደፊት ገፋ አድርጎ እጁን መሰብሰብ ይበቃል። አዳዩ የተጣሉትን ሲሰበስብ እግረ መንገዱን ይወስደዋል። በ2009 የዓለም ፖከር ውድድር ዋና ጨዋታ ላይ አንዲት ፈረንሳዊት ተጫዋች ሁለት አስ ይዛ፣ ካርታው ገና ሳይገለጥ፣ አዳዩ ከተጣሉት ጋር ጠራርጎባታል። መግቢያው 10,000 ዶላር የሆነ ውድድር ነበር፤ የቴሌቪዥን ካሜራም እያየ ነበር። እሷ በዚያ ደነገጠች፤ መጽዋቹ ግን እንዲህ ያለውን ዕድል በየሳምንቱ ለራሱ ያመቻቻል።

ምጽዋቱ ሲፈጸም ለቅሶው ይጀመራል። በ2001 የተመሠረተው የፖከር ውድድር ዳይሬክተሮች ማኅበር ደንብ እዚህ ላይ ምሕረት የለውም፤ ተጫዋች ካርታውን ሁልጊዜ፣ ካርታ ተገልጦ እየተነበበ ባለበት ሰዓትም ጭምር፣ ራሱ ይጠብቃል፤ አዳዩ በስሕተት ቢሰበስበውና በእርግጠኝነት መለየት ባይቻል ተጫዋቹ ካሳ የለውም። መጽዋቹ ይህን ሲሰማ ተቆጣጣሪ ያስጠራል፤ ተቆጣጣሪው ሲመጣ ጣሪያው ላይ ያለው ካሜራ ይታይ ይላል። ካሜራው በታማኝነት የቀረጸው የሁለት ካርታዎችን ጀርባ ነው። በግልጽ ተለይቶ የሚታይ ካርታ ከተጣለ በኋላም ተቆጣጣሪው ከፈቀደ ሊመለስ ይችላል፤ ነገር ግን መጽዋቾች ሲወረውሩ ልበ ሙሉ ስለሆኑ ካርታቸው ከክምሩ መካከል ይገባል።

በጠረጴዛው ዙሪያ ሌሎች ሰባት ስምንት ሰዎች መቀመጣቸውም አይረሳ። የተገለጠ ካርታ በስሕተት ሲነበብ ያየ ሁሉ ሊናገር ይገባል። ያልተገለጠውን ግን አንድ ካርታ የአንድ ተጫዋች ነውና ማንም አፉን አይከፍትበትም። መጽዋቹ ካርታውን ሲደፋ የስምንት ምስክር ምላስ አብሮ ደፍቷል፤ ከዚያ በኋላ ጠረጴዛው ለምን ዝም እንዳለ ይጠይቃል።

የቀረው አዳዩን መውቀስ ነው። አዳዩ የሚኖረው በአብዛኛው በጉርሻ ነው፤ ስለዚህ ስድብ ችሎ ፈገግ ይላል። ላስ ቬጋስ ውስጥ በካሲኖ የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ጥቂት ስላልሆኑ ፈገግታው አንዳንዴ በአማርኛ የታሰበ ነገር የሚሸፍን ነው። መጽዋቹ ካርታው ምን እንደነበር በግራው ላለው ሰው ይነግራል፤ አልሰማ እንደሆነ በቀኙ ላለውም። አቤቱታው የሚቆየው አዲሱ ዙር እስኪጀመር ነው፤ አዳዩ ካርታውን አንዴ መበወዝ ሲጀምር ያለፈው ዙር አልፏል። መደቡን የወሰደው ሰው ቺፖቹን ይደረድራል፤ ከላይ አንዷን የ1 ዶላር ቺፕ አንስቶ ለአዳዩ ያቀብላል። ለመጽዋቹ የደረሰው የለም።