የሰማይ ላም የወተት መዝገብ፦ በሌሉ የቤዝቦል ሊጎች ላይ የቀረበ ጥናት

አበው «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ሲሉ የተናገሩት ስለ ሌለ ሀብት ነው። አባባሉ በጥናት ዓይን ሲመረመር ግን አንድ ጉድለት አለበት፤ ባለላሙ መዝገብ አልያዘም። ላሚቱ በቀን ስንት ሊትር እንደምትታለብ፣ ከጎረቤት የሰማይ ላም በምን እንደምትበልጥ፣ እረኛዋ ደመወዝ አነሰኝ ብሎ ያምፅ አያምፅ፣ የተጻፈ ነገር የለም። ይህን ክፍተት የሞሉት አሜሪካውያን ናቸው፤ የሞሉትም በቤዝቦል ነው።

ቤዝቦል በዘጠኝ በዘጠኝ ሰው የሚደረግ ጨዋታ ነው። አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ አንዱ በዱላ ለመምታት ይሞክራል፣ የቀሩት ቆመው ይጠብቃሉ። ከእኛ የገና ጨዋታ ጋር በዱላው ይቀራረባል፤ በወረቀቱ ግን አይገናኙም። ገና ላይ ጌታ አይቆጣም፣ የተመታ ቅልጥምም በስታትስቲክስ አይያዝም። ቤዝቦል ውስጥ የትኛው መቺ፣ በየትኛው ወርዋሪ ላይ፣ በስንተኛው ዙር ምን እንዳደረገ ሁሉም ይመዘገባል። በእውነተኛው ሊግ አንድ ቡድን በመደበኛው የውድድር ዘመን 162 ጨዋታ ያደርጋል። ይህን ያህል ቁጥር የሚያመርት ስፖርት አንድ ቀን ቁጥሩ ያለ ኳስ መቆም መቻሉ አይቀርም ነበር።

የዚህ ጥናት መነሻ ሐሳብ የሚከተለው ነው። አንድ ሊግ ሊግ ለመባል የደረጃ ሠንጠረዥና ቅሬታ ይበቁታል። ኳስ፣ ሜዳና ተጫዋች ከተገኙ መልካም፤ ባይገኙም ውድድሩ አይስተጓጎልም። (በጥናቱ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሊጎቹ የሉም እንጂ ዓመቶቹ አሉ።)

ቀዳሚው ማስረጃ ጃክ ኬሩዋክ ነው። ዓለም የሚያውቀው በ1957 በታተመው «በመንገድ ላይ» በተሰኘው ልቦለዱ፣ ለሥርዓት ደንታ የሌለው፣ አገር ላገር የሚንከራተት ትውልድ ቃል አቀባይ አድርጎ ነው። የተዋቸው ሰነዶች ግን ሌላ ሰው ያሳያሉ። ይህ ሰው በማሳቹሴትስ ግዛት በሎዌል ከተማ ገና በልጅነቱ የቤዝቦል ሊግ አቋቁሞ፣ ካደገም በኋላ ያልተወ ትጉህ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ነበር። ከፊሎቹን ቡድኖች በመኪና ስም ሰየማቸው፤ የፒትስበርግ ፕሊመዞች፣ የኒው ዮርክ ሼቪዎች። ሌሎቹን በቀለም፤ የቦስተን ግራጫዎች፣ የሲንሲናቲ ጥቁሮች። ዋይኖ ላቭ የሚባል ተጫዋች ነበረው። ጨዋታው መጀመሪያ በብይ፣ በስንጥርና በላጲስ ይካሄድ ነበር፤ ኋላ ራሱ ወዳዘጋጃቸው ካርዶች ተሸጋገረ።

ተመራማሪውን የሚያስደንቀው ካርዱ አይደለም፤ ጋዜጣው ነው። ኬሩዋክ ጎረምሳ ሳለ የሊጉን ዜና በእጁም በታይፕም ያዘጋጅ ነበር። ውጤት ብቻ አይደለም፤ የገንዘብ ጉዳይና የኮንትራት ውዝግብም ይዘግባል። ነገሩን ረጋ ብለን እንየው። የሌለ ተጫዋች ከሌለ የቡድን ባለቤት ጋር በሌለ ደመወዝ ተጣልቶ፣ ጸቡ ዜና ሆኖ ወጣ። ተደራዳሪው፣ ከፋዩ፣ ዘጋቢውና አንባቢው አንድ ሰው ነበር፤ ሆኖም ድርድሩ ቶሎ ስለመቋጨቱ ዋስትና የለም። በዚያው ዕድሜው የሌሉ ፈረሶች እሽቅድምድምም ያስተዳድር ነበር። ሰነዶቹ ዛሬ በኒው ዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ተጠብቀው ይገኛሉ። የእውነተኛ ክለቦቻችን መዝገብ የት እንደደረሰ ማወቅ የሚፈልግ ግን ጥያቄውን በደብዳቤ እንዲያቀርብ ይመከራል።

ከኬሩዋክ ቀጥሎ የሚጠቀሰው የሊግ አስተዳዳሪ ራሱም የለም። በ1968 ደራሲው ሮበርት ኩቨር ሄንሪ ዋው ስለተባለ የሒሳብ ሠራተኛ ልቦለድ ጻፈ። ዋው ማታ ማታ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዳይስ እየጣለ ሙሉ ሊግ ያካሂዳል። አንድ ምሽት ዳይሱ ክፉ ቁጥር አወጣና ዴመን ረዘርፎርድ የተባለው ወጣት ኮከብ በኳስ ተመትቶ ሞተ። ዋው እንደገና መጣል ይችል ነበር፤ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው የለም። ደንቡን አክብሮ ሐዘን ተቀመጠ። ኋላ ግን ገዳዩን ለመበቀል ዳይሱን በእጁ አስተካክሎ አስቀመጠ። በሌሉ ሊጎች ታሪክ በግልጽ የተመዘገበ የዳኝነት ሙስና ይህ ነው።

በ1981 እውነተኛዎቹ ተጫዋቾች የሥራ ማቆም አድማ መቱ። ሐምሌ ላይ ክሊቭላንድ ሊደረግ የታቀደው የኮከቦች ግጥሚያ በቀኑ አልተካሄደም። ይልቁንም እዚያው ስታዲየም ውስጥ ስትራት-ኦ-ማቲክ በተባለው የካርድና የዳይስ ጨዋታ ግጥሚያው ተደረገ። ያለ ላብና ያለ ደመወዝ ጥያቄ ተጠናቀቀ። ለሠራተኛ ማኅበራት የሚያሳስብ ግኝት ነው፤ እዚህ ላይ አንገፋበትም።

ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1980፣ ጸሐፊውና አርታኢው ዳንኤል ኦክረንት ከጓደኞቹ ጋር ሌላ ዘዴ ቀይሶ ነበር። ተጫዋቾቹ እውነተኛ፣ ባለቤቶቹ ግን ምናባዊ። እያንዳንዱ ባለቤት በተወሰነ ገንዘብ በጨረታ ተጫዋቾች ይገዛል፤ የተገዙት ሰዎች መገዛታቸውን አያውቁም። ሊጉ የሚሰበሰቡበትን የኒው ዮርክ ምግብ ቤት ስም ወርሶ «ሮቲሰሪ» ተባለ። ዛሬ ሚሊዮኖች የሚጫወቱት ፋንታሲ ከዚህ ይወለዳል። ኦክረንት የፈጠረውን ሊግ አሸንፎ አያውቅም። በ2003 ደግሞ የኒው ዮርክ ታይምስ የመጀመሪያው የአንባቢያን ቅሬታ ሰሚ ሆኖ ተሾመ፤ የቅሬታ ልምዱን ከየት እንዳገኘው ተጨማሪ ጥናት አያሻውም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ብሌዝቦል የውድድር ዘመን እንለፍ። በ2020 ሐምሌ፣ ኮሮና እውነተኛውን ቤዝቦል ባዘገየበት ሰሞን፣ ሎስ አንጀለስ ያለ አንድ የጨዋታ አዘጋጅ ድርጅት ብሌዝቦል የተባለ፣ በኮምፒውተር የሚካሄድ የ20 ቡድኖች ሊግ ከፈተ። ከተሳታፊዎቹ መካከል የቻርልስተን ጫማ ሌቦች፣ የባልቲሞር ሸርጣኖች፣ የሂዩስተን ሰላዮችና የሲኦል ነብሮች ይገኙባቸዋል። የውድድር ዘመኑ አንድ ሳምንት ነበር። ከሰኞ እስከ ዓርብ በየሰዓቱ ይጫወታሉ፣ አንድ ቡድን 99 ጨዋታ ይጨርሳል፣ ቅዳሜ ዋንጫው ይለያል፣ እሑድ ምርጫ ይደረጋል። ደጋፊ ዳቦ በማይገዛ ሳንቲም ይወራረዳል፤ ባገኘው ሳንቲም ድምፅ ይገዛል። ድምፅ መግዛት በግልጽ የተፈቀደበት ምርጫ ስለሆነ ታዛቢ አላስፈለገውም።

በመጀመሪያው ምርጫ «የተከለከለ መጽሐፍ» የሚባል ነገር ለድምፅ ቀርቦ ነበር፤ መራጩም ይከፈት አለ። ተከፈተ። ፀሐይ ጨለመች፣ የዳኞቹ ዓይን ነጣ፣ የሲያትል ጋራዦች ወርዋሪ ጄይለን ሆትዶግፊንገርስም በእሳት ተቃጥሎ ሕይወቱ አለፈ። ዳኛ አቃጠለን የሚል ደጋፊ በየአገሩ አለ፤ ሪፖርት የቀረበበት ግን እዚህ ብቻ ነው። ቀጥሎ ራሱን የበላይ አካል አድርጎ የሾመ ግዙፍ ኦቾሎኒ ሊጉን መገሠጽ ጀመረ። አንዳንድ ታዛቢዎች ይህን እንደ ቅዠት ያዩታል። የስፖርት ፌዴሬሽን ጉባኤ ላይ ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው ግን ኦቾሎኒው ቢያንስ አቋሙን በግልጽ መናገሩን ያደንቃል።

ከዚያ ወዲህ የሆነው የመነሻ ሐሳባችን ዋና ማረጋገጫ ነው። ሊጉ ደጋፊ የሚያደንቃቸውን ተጫዋቾች በደረጃ የሚያወጣ ሠንጠረዥ ነበረው፤ 14ኛውን ተጫዋች ወደ ራስ ቡድን የሚያስገባ ሽልማትም ቀረበ። ደጋፊዎች ደንቡን አገላብጠው ሲያዩ ሟች አይካተትም የሚል አንቀጽ አጡ። ተጠራርተው፣ ድምፃቸውን እየቀነሱና እየጨመሩ፣ ሟቹን ጄይለንን በትክክል 14ኛ ላይ አስቀመጡት፤ ጄይለንም ከሞት ተነሥቶ ወደ ሜዳ ተመለሰ። ሐኪም የማይችለውን የደረጃ ሠንጠረዥ ቻለ። ጋራዦቹም ቢሆኑ ስማቸው ብቻውን አልቀረም፤ ደጋፊዎች በስሙ እውነተኛ የሙዚቃ ባንድ አቋቁመው አልበም አወጡ። ሊጉ ራሱ በ2023 ሰኔ ላይ ተዘጋ፤ አዘጋጁ ማስቀጠል ከአቅሜ በላይ ሆነ አለ። ያልነበረ ሊግ ሲዘጋ የነበሩ ሰዎች አለቀሱ።

የእኛ አገር ሁኔታ በዚህ ጥናት ወሰን ውስጥ የሚገባው በአንድ በር ነው፤ በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ፋንታሲ። አዲስ አበባ ውስጥ የቤት ኪራይ የሚያስጨንቀው ሰው ቅዳሜ ጠዋት 100 ሚሊዮን ፓውንድ ያስተዳድራል። 15 ተጫዋች ይገዛል፣ ካፒቴን ይሾማል፣ ከተፈቀደው በላይ ካዘዋወረ አራት ነጥብ ይቀጣል፤ ቀነ ገደቡም የሳምንቱ የመጀመሪያ ጨዋታ ሊጀመር 90 ደቂቃ ሲቀር ይዘጋል። የመሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ አንድ ሰዓት የሚያረፍድ ሠራተኛ ይህን ገደብ ሲያሳልፍ አይገኝም። ሰኞ ደግሞ ሪፖርቱ ይቀርባል፦ ቤንች ላይ ስለቀረው አጥቂ፣ ካፒቴን ሊያደርገው አስቦ በመጨረሻ ስለተወው ሰው፣ የጓደኞቹን የሊግ መዋጮ ስለያዘው ገንዘብ ያዥ። እዚህ ላይ ከኬሩዋክ አንድ ነገር መማር ይቻላል። እሱ የቡድኖቹን ችግር በማስታወሻ ደብተሩ ጻፈው እንጂ በሚኒባስ ውስጥ ለማያውቀው ሰው አላስረዳም።

ስለዚህ ለፋንታሲ ባለቤቶች በሙሉ የምናቀርበው ማሳሰቢያ አጭር ነው። ቤንች ላይ ስለቀረው ተጫዋች ያላችሁን ቅሬታ ከሰኞ ምሳ በፊት ተናግራችሁ ጨርሱ፤ ከዚያ በኋላ የሚቀርብ አቤቱታ በጽሑፍ ይሁን፣ መዋጮ ያልከፈለ ደግሞ አቤቱታ የለውም።