ኒው ፎልደር 3

እህል በረንዳ ላይ ጤፍ ተደባለቀ ማለት ጠብ ተነሣ ማለት ነው። ማኛው ከሰርገኛው ጋር አይገጥምም። አንድ ኩንታል ያለ ቦታው ከተራገፈ ተሸካሚው ይሰደባል፣ ሾፌሩ ይሰደባል፣ አንዳንዴ አይሱዙዋም አይቀርላትም። ነጋዴው ከጆንያው ዘገን አድርጎ፣ መዳፉ ላይ በተን አድርጎ የአድኣውን ከጎጃሙ ይለያል። ይኸው ሰው ኮምፒውተሩን ሲከፍት ግን ሌላ ሰው ይሆናል። «ኒው ፎልደር»፣ «ኒው ፎልደር 2»፣ «ኒው ፎልደር 3»። ዝቅ ሲሉ «ሒሳብ የመጨረሻ»፣ «ሒሳብ የመጨረሻ 2»፣ «ሒሳብ የመጨረሻ እውነተኛው»፣ «ይሄኛው ነው»።

ዓይናማው ይህን ጉድ ገልመጥ አድርጎ ያልፈዋል። ማለፍ የማይችለው የአንድ እህል ነጋዴ ሐጂ ሒሳብ የሚይዘው ዓይነ ስውር ወጣት ነው፤ እያንዳንዷን ስም በጆሮው ይሰማታላ። የሚሠራው ኤንቪዲኤ በሚባል፣ ስክሪን ላይ ያለውን በድምፅ በሚያነብ ስክሪን ሪደር ነው። ፕሮግራሙን እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው ማይክል ከረን የተባለ አውስትራሊያዊ ሲሆን፣ እሱም ዓይነ ስውር ነው። ገበያ ላይ የነበሩት ዋጋቸው የማይቀመስ ስለነበር የሱን በነጻ ለቀቀው። ማውስ አያስፈልግም። በቀስት ቁልፍ አንድ ፋይል በወረዱ ቁጥር ስሙ ይነበባል። የስሙን መጀመሪያ ፊደል ከተጫኑ ቀጥታ እሱ ላይ ያርፋሉ፤ ኤፍ 2 ስም ይቀይራል፤ በኮንትሮል ኤክስ ተነሥቶ በኮንትሮል ቪ ሌላ ቦታ ይቀመጣል። ስሙ በወጉ የወጣ ፋይል ከሆነ፣ ሐጂ መነጽራቸውን ፈልገው ሳያገኙ ልጁ ከፍቶ ማንበብ ይጀምራል። ሁሉም በ«ሒሳብ የመጨረሻ» ሲጀምር ግን ልዩነቱ ያለው ጅራቱ ላይ ነውና እስከ ጅራቱ ማዳመጥ ግድ ነው።

ስሙስ ይሁን፣ በኤፍ 2 ይድናል። የማይድነው ሆዱ ነው። ደንበኛ የከፈለበትን የባንክ ደረሰኝ ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም ይልካል፤ ስክሪን ሪደሩ «ምስል» ብሎ ዝም። ውሉ ማኅተም አርፎበት፣ ስካን ተደርጎ፣ ፒዲኤፍ ሆኖ ይመጣል፤ ለልጁ ባዶ ወረቀት ነው። ከቢሮ የሚመጣው ደብዳቤ ደግሞ የባሰ አለበት። የኛ ፊደል ኮምፒውተር ሁሉ በሚጋራው ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ዛሬም በድሮው የፓወር ግዕዝ ፎንት ካልጻፈ እጁ የማይታዘዝለት ጸሐፊ አለ። እንዲህ ያለው ደብዳቤ ለዓይን ጥርት ያለ አማርኛ ነው። ከሥሩ የተቀመጠው ግን የላቲን ፊደልና ምልክት ስለሆነ፣ ስክሪን ሪደሩ እንደ ጠንቋይ ያነበንበዋል። ኃላፊው ይህን ቢነግሩት «እኔ ጋ በደንብ ይታያል እኮ» ይላል። እውነቱን ነው፣ ይታያል።

ከፋይሉ ይልቅ ያስቸገረው ግን እንግዳው ነው። ልጁ ስክሪኑን አጥፍቶ ይሠራል፤ ለማን ብሎ ያበራዋል? የገባ ሁሉ «መብራት ሄደ እንዴ?» ይላል። አንዱ ደግሞ ለጽድቅ ብሎ «ቆይ ላግዝህ» ይልና ማውሱን ይይዛል፤ አንድ ፎልደር ጎትቶ የማይታወቅ ቦታ ይጥልና ተመርቆ ይወጣል። ሌላው ደግሞ፣ ልጁ አጠገቡ ተቀምጦ ሳለ፣ ሐጂን «ማንበብ ይችላል?» ብሎ ይጠይቃል። ሰላም የሚሉት ደግሞ ከአውቶቡስ ተራ የሚጣሩ ይመስል ይጮኻሉ። «ጋሼ፣ ጆሮዬ እኮ ደህና ነው» ይላቸዋል። ይስቁና በዚያው ድምፅ ይቀጥላሉ።

የማይጮኸው ደላላው ብቻ ነው። እሱ ለስለስ ብሎ ገብቶ፣ ወደ ሐጂ ጠጋ ብሎ ያንሾካሹካል። ባለፈው አብሯቸው የተቀመጠ ነጋዴ በአገጩ ወደ ልጁ ሲያመለክተው፣ «ተወው፣ ጆሮው ተይዟል» አለና የምንጃሩን ዋጋ እስከ መጨረሻው ብር ተናገረ፤ የራሱን ኮሚሽን ሳይቀር። ልጁ ኢርፎን የሚሰካው በአንድ ጆሮው ብቻ ነው። ደላላው ሲወጣ ሐጂ ቁጥሩ ተምታታባቸውና፣

«ስንት ነበር ያለው?» አሉ።

«ኮሚሽኑን ጨምሬ ልንገርዎት ወይስ ቀንሼ?» አለ ልጁ።