ኤርምያስ ያላየው ሱቅ

ነቢዩ ኤርምያስ የማይሆን ነገር ምሳሌ ሲፈልግ ከአውሬ ነብርን፣ ከሰው ደግሞ እኛን መረጠ። የነብር ዝንጉርጉርነትና የኢትዮጵያዊ መልክ እንደማይለወጡ እርግጠኛ ስለነበረ ምዕራፍ 13 ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። አይፈረድበትም፤ ነቢይ ቢሆንም መርካቶን አላየም። ዛሬ ቢመጣ የኮስሞቲክስ ሱቅ ባለቤቷ ወንበር ስባ ታስቀምጠውና "አባቴ፣ በሁለት ሳምንት!" ትለው ነበር። ነብሩ እስካሁን አልተሳካለትም። እኛ ቀድመነዋል።

ለዚህ የበቃነው በአንድ ጀምበር አይደለም። ትምህርቱ የሚጀምረው አራስ ቤት ነው። ገንፎ ሊበላ የመጣ ዘመድ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ይልና ሕፃኗን ታቅፎ ወደ ጆሮዋ ያጎነብሳል። መስማት አለመስማቷን ሊመረምር እንዳይመስላችሁ፤ የጆሮዋን ጫፍ ገልበጥ አድርጎ ቀለሙን ሊያይ ነው። "አሁን ቀይ ትምሰል እንጂ ትጠቁራለች፤ ጆሮዋን እዩት" ይላሉ አክስት፣ በሙሉ እርጋታ። እናት ከአልጋዋ ሆና "አባቷ እኮ ቀይ ነው" ብላ ይግባኝ ትጠይቃለች። ልጅቷ ስም እንኳ አልወጣላትም፣ ክርስትናዋም ገና ነው፤ የጆሮዋ ጉዳይ ግን ተወስኖ አልቋል። ቀይ የሆነው ወንድሟ ከሆነ ደግሞ "ምናለ ይሄ መልክ ለእህቱ በሆነ!" የሚል የሐዘን መግለጫ ይጨመራል።

እንግዲህ ይህች ልጅ አደገች እንበል። ዘፈኑ ላይ የምትወደሰው ጠይሟ ናት፤ ክሊፑ ላይ የምትታየው ቀይዋ ናት። የሥራ ማስታወቂያው "መልካም ቁመና ያላት" ይላል፤ ምን ለማለት እንደፈለገ የሚገባት ለቃለ መጠይቅ ከተሰለፉት ጋር ስትተያይ ነው። ለጋብቻ የታሰበላት ዋሽንግተን ያለው ሰውዬ፣ ስሟን ከመጠየቁ በፊት "ቀይ ናት?" ብሎ ያስጠይቃል። እሱ ምን እንደሚመስል የጠየቀ የለም፤ መልኩ ፓስፖርቱ ነው። ስልኳም ሳታዝዘው ፎቶዋን አቅልቶ ያሳያታል። ይህን ሁሉ ቆጥራ፣ መስታወት ፊት ቆማ ቅር ሲላት፣ እኛ ጎበዞቹ ወዲያው "በራስ መተማመን የላትም" እንላታለን።

ሱቁ ግን እንደኛ አይጨክንም። "ነይ የኔ ቆንጆ" ብሎ ነው የሚቀበላት፤ ቆንጆ ከሆነች ምን ልትገዛ እንደመጣች አይጠይቃትም። ባለሙያዋ ከአንዱ ዕቃ ነጭ ክሬም በማንኪያ ትዝቃለች፣ ከሌላው ቢጫውን ትጨምራለች፣ በመጨረሻ አንድ የመድኃኒት ቲዩብ ከጭራው ጀምራ እየጠቀለለች አሟጣ ትጨምቃለች። ታማስለዋለች። ክዳን ባለው ትንሽ ነጭ ፕላስቲክ ትሞላውና፣ መደብ ላይ መታ መታ አድርጋ፣ የተረፈውን በጣቷ ጠርጋ ትዘጋዋለች። ስም የለውም፣ የተሠራበት ቀን የለውም፣ ጊዜው የሚያልፍበት ቀን የለውም። ሽሮ ስንገዛ "ምን ምን ገብቶበታል?" ብለን ሻጭ የምናፋጥጥ ሰዎች፣ ይህን ያለ አንዳች ጥያቄ ከፍለን እንወጣለን። ምክሩ ነፃ ነው፦ "ማታ ማታ ተቀቢው። ካቃጠለሽ እየሠራ ነው።"

በእርግጥም ይሠራል። እንዲህ ባለው ቅልቅል ውስጥ ሊገኙ የሚችሉ ሦስት ባለውለታዎች አሉ። አንደኛው ሜርኩሪ ነው። ለቆዳ ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን እንዳይመረት ያግዳል፤ ሥራውን ሲጨርስም ሥራ ፈት አይሆንም፣ በደም አድርጎ ኩላሊት ድረስ ይወርዳል። አያቶቻችን "መልክ ታጥቦ አይጠጣም" ይሉ ነበር፤ ተቀብቶ እንደሚጠጣ አላወቁም። ለጋስም ነው፤ በፎጣና በእጅ በኩል ክሬሙን ላልተቀባ ሕፃን ሁሉ ይዳረሳል። ሁለተኛው ሃይድሮኪኖን ነው። ሐኪም መጥኖ ለተወሰነ ጊዜ ሲያዘው መድኃኒት ነው። በማንኪያ ተለክቶ ለዓመታት ሲቀባ ግን ሐኪሞች ኦክሮኖሲስ የሚሉትን ሰማያዊ ጥቁር ምልክት ፊት ላይ ሊተው ይችላል። ከጥቁረት ሸሽቶ፣ በሰማያዊ በኩል ዞሮ፣ ወደ ባሰ ጥቁረት መድረስ ማለት ይህ ነው። ሦስተኛው እንደ ክሎቤታሶል ያለ ጠንካራ ስቴሮይድ ነው። ለቆዳ በሽታ የተሠራውን መድኃኒት ጤነኛ ፊት ላይ ወር ከወር ሲቀቡት ቆዳ ያሳሳል፣ የደም ሥር ያወጣል፣ ብጉር ያፈላል። ትልቁ ችሎታው ግን ሌላ ነው፤ ድንገት ሲያቆሙት ፊት ደም ይመስላል፣ ያብጣል፣ ይነዳል። ያን ጊዜ ልጅቷ ወዴት ትሮጣለች? ቆዳ ሐኪም ዘንድ ብትሄድ ጥሩ ነበር፤ ሱቁ ግን ይቀርባል። ደንበኛ አያያዝ እንዲህ ነው፤ ባንኮቻችን ቢማሩበት አይከፋም።

የተሳካላቸውም ኑሮ ያስቀናል። አገራችን ራሷን ለቱሪስት ያስተዋወቀችው በ13 ወር ፀሐይዋ ነው፤ ልጅቷ ግን ከ13ቱ አንዱንም ያለ ጃንጥላ አትወጣውም። "ፀሐይ እንዳይነካሽ" ተብላለች፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ቁጭ ባለች ከተማ። ታክሲ ስትገባ በጥላ በኩል ያለውን ወንበር ትመርጣለች፣ በጠራራው የጥቅምት ሰማይ ሥር ግድግዳ ለግድግዳ ትሄዳለች። ይህን ሁሉ ጥንቃቄ አድርጋም የጣቶቿ አንጓዎች አይታዘዟትም። ፊቷ ይቀላል፣ አንገቷ እያመነታ ይከተላል፣ አንጓዎቿ ግን ወይ ፍንክች። ካሜራው ቀርቦ የሚያነሳው የቀለበት ሥነ ሥርዓት ደግሞ እዚያው አንጓ ላይ ነው።

ምቀኛ መቼም አይጠፋም። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1990 ሃይድሮኪኖንን ከመዋቢያዎች አስወጣች፤ በማስታወቂያ "ያቀላል" ማለትንም ከለከለች። በ2001 የአውሮፓ ኅብረት፣ በ2016 ጋና ተከተሉ። ሩዋንዳ በ2018 መጨረሻ ፖሊስ አሰማርታ መደርደሪያ አስራገፈች። በ2013 የጸደቀው የሚናማታ ስምምነት በመዋቢያ ውስጥ የሚገባውን ሜርኩሪ በኪሎ 1 ሚሊግራም ላይ ገድቦ ነበር፤ በ2023 አባል አገሮቹ ተሰብስበው ያችንም አንድ ሚሊግራም ነፈጉን። ስምምነቱ የተሰየመባት የጃፓኗ ሚናማታ ሜርኩሪ ሰውን ምን እንደሚያደርግ በዓሣ በኩል አይታዋለች፤ እኛ ግን በፊታችን ካላየን አናምንም። ኩባንያዎችም ልብ ገዝተዋል። ዩኒሊቨር በ2020 "ፌር ኤንድ ላቭሊ" የተባለ ክሬሙን "ግሎው ኤንድ ላቭሊ" አለው። ክሬሙን ከገበያ አላወጣም፤ ስሙን ብቻ ቀባው።

የልጅቷ አያት ይህን ሁሉ ብትሰማ ምን ትል ይሆን? እሷ እኮ ጥርሷ ነጥቶ እንዲታይ ድዷን ተወግታ፣ ጥላሸት አስነስንሳ፣ ደም እየተፋች ያጠቆረች ሴት ናት። አንገቷ ላይ ንቅሳት ደርድራ ነው የተዳረችው። ልጇ ደግሞ ያንኑ ዓይነት ንቅሳት በሌዘር ለማስጠፋት ዋጋ ታጠያይቃለች። የልጅ ልጇ በሌሊት ትቃጠላለች። አንዷ ለማጥቆር፣ አንዷ ለማጥፋት፣ አንዷ ለመቅላት ሦስቱም ተራ በተራ ተሠቃዩ። በሦስቱም ዘመን ቁጭ ብሎ የፈረደው ዓይን ግን አንድም ቀን አልተወጋም።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ አለኝ። በየትኛውም ሐኪም ቤት መድኃኒት የሚታዘዘው ለታመመው ነው። እዚህ ግን ጆሮ የገለበጡት አክስት ሆነው ሳለ የሚቀባው የሌላ ሰው ፊት ነው። "ቀይ ናት?" ያለው ዋሽንግተን ሆኖ ሳለ የሚታመመው አዲስ አበባ ያለ ኩላሊት ነው። ይህ ይስተካከል። ቅልቅሉ ለአክስት በማንኪያ ተለክቶ ይሰጣቸው፤ ለሰውዬው በሚመጣ መንገደኛ ይላክለት፤ "መልካም ቁመና" ላለው ሥራ አስኪያጅም በሸኚ ደብዳቤ ይድረሰው። ማታ ማታ ይቀቡት። ካቃጠላቸው እየሠራ ነው።

ችግሩ አንድ ብቻ ነው። የእነሱ በሽታ ያለው ዓይናቸው ላይ ነው፤ ፋብሪካ የሠራቸው ክሬሞች ላይ ደግሞ "ዓይን ውስጥ እንዳይገባ" የሚል ማስጠንቀቂያ አለ። ግድ የለም፤ የባለሱቋ ዕቃ ላይ ምንም አልተጻፈም።