ብዙ ከፍሎ ቀርፋፋ ኮምፒውተር የመግዣ ዘዴ

ዴስክቶፕ ሊገዙ ሱቅ ሲገቡ ምን እንደሚሠሩበት ፈጽሞ አይናገሩ። ሻጩ «ለምን ሥራ ነው?» ብሎ ከጠየቀዎት «ብቻ ፈጣን ይሁን» ብለው ይለፉት። ደብዳቤ የሚጽፍና በፒችትሪ ሒሳብ የሚሠራ ሰው 32 ጂቢ ራም ተሸክሞ የሚወጣው፣ ቪዲዮ የሚያቀናብረው ደግሞ በ4 ጂቢ የሚሰቃየው እንዲህ ሲሆን ነው።

ቀጥሎ ትልቁን ቁጥር ይከተሉ። «500 ጂቢ» የሚል ከተለጠፈበት ይግዙት። 500ው ፋይል የሚቀመጥበት ሃርድ ዲስክ እንጂ የተከፈቱት ፕሮግራሞች የሚሠሩበት ራም አለመሆኑን አይጠይቁ።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 ያስቀመጠውን ዝቅተኛ መጠን፣ 4 ጂቢን፣ በቂ ነው ብለው ይያዙት። ዊንዶውሱማ ይነሣል። ክሮም ላይ ብዙ ታብ፣ ቴሌግራምና ኤክሴል አብረው ሲከፈቱ ግን ራሙ ይሞላል፤ ዊንዶውስም የተረፈውን ወደ ዲስክ ያወርዳል። ዲስኩ ኤስኤስዲ ያልሆነ የድሮው ዓይነት ከሆነ ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ለመሄድ እንኳ መጠበቅ ነው። ያን ጊዜ «ቫይረስ ገብቶበታል» ብለው ፎርማት ያስደርጉት። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህኛው ነው፤ ፎርማት ራም አይጨምርም፣ ባክአፕ ያልተደረገ የዓመታት ሰነድና የልጆች ፎቶ ግን ይዞ ይሄዳል።

ራም ለመጨመር ሲወስኑም የራሙን ዓይነት አያጣሩ። ዲዲአር 3ን ዲዲአር 4 ማስገቢያ ላይ አድርገው ጠንከር አድርገው ይጫኑት። የሁለቱ ቁርጥ በተለያየ ቦታ የተሠራው እንዳይገጣጠሙ ስለሆነ አይገባም፤ ጉልበት ከጨመሩበት ማዘርቦርዱንም ይሰብራሉ። 16 ጂቢ ሲፈልጉ ሁለት ባለ 8 ቢያስገቡ ማዘርቦርዱ በሁለት መስመር በአንድ ጊዜ ስለሚያነብ ይፈጥናል፤ እርስዎ አንድ ባለ 16 ብቻ ይሰኩ። ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ ያለበት ያገለገለ ማሽን ካገኙ ደግሞ 8 ጂቢ ይጨምሩበት፤ ከ4 ጂቢ በላይ ያለውን አይጠቀምበትም።

ከሁሉም በላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ አይጫኑ። ከተጫኑ ታስክ ማናጀር ይከፈታል፤ «ፐርፎርማንስ» ውስጥ «ሜሞሪ» የሚለው ከስንት ጂቢ ስንቱ እንደተያዘ፣ ስንት ማስገቢያ ክፍት እንደሆነ ሳይቀር ያሳያል። ሥራ በበዛበት ሰዓት ከ8 ጂቢ 5ቱ ብቻ ከተያዘ ሌላ ራም መግዛት ገንዘብ መጣል ነው፤ 7 ተኩል ላይ ከዋለ ግን በእርግጥ አንሶታል። ይህን ለማወቅ አንድ ሳንቲም አይወጣም።

አሁን ባለው ሁኔታ ለጽሕፈት፣ ለኢንተርኔትና ለሒሳብ 8 ጂቢ ያሠራል፤ ብዙ ነገር አንድ ላይ ለሚከፍት 16፣ ለቪዲዮ ቅንብርና ለትልልቅ የሕንፃ ንድፍ 32 ጂቢ ይሻላል። እባክዎ ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት አሁን የሚሠሩበትን ኮምፒውተር ይክፈቱና ያንን የታስክ ማናጀር ቁጥር ይዩት።