የድንጋዮች ሸንጎ

ከዕለታት አንድ ቀን፣ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ድንጋይ ጠራቢ ግቢ፣ ከየአገሩ የመጡ ድንጋዮች ሸንጎ ተቀመጡ። የተነሣው የዘር ጉዳይ ነበር። ከዳለቲ የመጣችው እመት እብነ በረድ ለአዲሱ አዳራሽ ወለል ታጭታለች። ከእሳት ተወለድን የሚሉት ደግሞ «እሷማ ቀልጣ አታውቅም፤ መጤ ናት» ብለው ከሰሷት።

አያ ባዛልት ቀድሞ ተነሣ። «እኔ ከ1,000 ዲግሪ በላይ ግዬ ከምድር ሆድ የወጣሁ ነኝ። ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት የዚህን አገር ደጋ ያለበሱት አባቶቼ ናቸው!»

ከባቢሌ የመጣው አያ ግራናይት አላስጨረሰውም። «ያንተ ፍሬ በዓይን አይታይ፤ ይልቅ የእኔን እዩ» ብሎ ሮዝና ነጭ ቅንጣቶቹን አሳየ። ነገሩስ እውነት ነው። ግራናይት ከምድር በታች ተሸፍኖ፣ ብዙ ሺህ ዓመታት ፈጅቶ ስለቀዘቀዘ ማዕድኖቹ ለማደግ ጊዜ አግኝተዋል። ባዛልት ግን ሜዳ ላይ ፈስሶ፣ ነፋስ መትቶት ፈጥኖ ረጋ። ትንሹ ባልጩት ከሁሉም ፈጥኖ ስለቀዘቀዘ ቅንጣት የሚባል ነገር የለውም፤ ጥቁር ብርጭቆ ነው። «ባዶ» ይሉታል። ይህ ስድብ እኔን በጣም ያመኛል። ጊዜ የተነፈገ ልጅ ለምን ፍሬ አላፈራህም ተብሎ እንዴት ይወቀሳል?

እመት እብነ በረድ ተራዋ ደረሰ። «እውነት ነው፣ ቀልጬ አላውቅም። የባሕር ወለል ላይ የተኛሁ የኖራ ድንጋይ ነበርኩ። ተራራ ተጫነኝ፤ ሙቀት ከሥር አበሰለኝ። ሳልፈስ፣ ጠጣር እንደሆንኩ፣ ቅንጣቶቼ ፈርሰው እንደገና ተሠሩ። የቀድሞ መልኬን ዛሬ ብፈልገው አላገኘውም።»

ሸንጎው ወደ አባ ናይስ ዞረ። ከወለጋ የመጡ፣ ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ገላቸው ላይ ጥቁርና ነጭ መስመር ተራ በተራ ተጋድሟል።

«አባ፣ እርስዎ ይፍረዱን።»

«እነዚህ መስመሮች ጫናው ሲበረታብኝ ማዕድኖቼ የተሰለፉባቸው ናቸው» አሉ። «ከዚያ በፊት ግን እኔም እንዳንተ ግራናይት ነበርኩ፣ ልጄ። አንተም ባዛልት፣ በጥልቅ ተቀብረህ ብትበስል አምፊቦላይት የሚባል ሌላ ድንጋይ ትሆናለህ። እኔን ደግሞ ሙቀቱ ጥቂት ቢጨምርብኝ ኖሮ ቀልጬ፣ ዳግመኛ ግራናይት ሆኜ እወለድ ነበር። ታዲያ ከመካከላችን መጤው ማን ነው?»

የመለሰ አልነበረም።

«እንግዲያው ፍርዴን ስሙ። ባዛልት መኪና የሚመላለስበት ደጃፍ ላይ ይነጠፍ፤ መፋተግን ይችላል። እብነ በረድ አዳራሽ ትግባ፤ ሎሚ ብቻ አይፍሰስባት፣ ይበላታል። ባልጩትም ቀና ይበል። ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በፊት መልካ ቁንጡሬ የነበሩ ሰዎች ስለታቸውን ያወጡት ከእሱ ወገን ነው። ከእንግዲህ ባዶ ብሎ የሚሰድበው ቢኖር እኔ ዘንድ ይከሰስ።»